ከምድጃው ፊት የማይነሣው ሰይድ

አንባቢዬ፣ የታዘዘውን አንዲት ሳያጓድል የሚያበስል ወንድ አይተው ያውቃሉ? እኔ፣ ወጥ በግምት የምሠራው ሰው፣ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ስቶክሆልም ውስጥ አንድ አይቻለሁ። ሰይድ ይባላል፤ የወሎ ልጅ ነው፤ ሥራው አረጋውያንን መንከባከብ ነው። ከሚንከባከባቸው አንዷ፣ እንግሊዛዊት ባልቴት፣ የአገራቸውን እራት አስተማሩት። ቋሊማ በጋለ ዘይት ላይ ይደረደርና የዱቄት፣ የእንቁላልና የወተት ሊጥ ፈሶበት ምድጃ ይገባል። «እስኪነፋ በሩን እንዳትከፍት፤ ዓይንህንም እንዳትነቅል» አሉት።

ታዲያ ሰይድ አካላ በሚባል የስቶክሆልም ሰፈር ባለው ቤቱ፣ በበሬ ቋሊማ፣ ይህን እራት የሠራው ለማን ይመስልዎታል? ለእጮኛው አባት፣ ለሐጂ ይማም!

ሐጂ ሲገቡ ለእራቱ የተጠራነው ሁላችንም ብድግ አልን። ሰይድ ግን ከምድጃው መስታወት ፊት ዱካው ላይ እንደተቀመጠ፣ ዘወር እንኳ ሳይል፣ «እንኳን ደህና መጡ አባባ። ይቅር ይበሉኝ፣ ላስተማሩኝ ባልቴት ቃል ገብቻለሁ፤ እስኪነፋ ዓይኔን መንቀል አልችልም» አላቸው።

ጉድ ፈላ! ለአማቱ የማይነሣ ወሎዬ ተሰምቶ ያውቃል? እጮኛው ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። እኔማ ሠርጉን በልቤ ቀበርኩት።

ሐጂ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ወንበር ስበው ከጎኑ ተቀመጡና እሳቸውም መስታወቱ ላይ አፈጠጡ። ሊጡ እንደ ትራስ ተነፍቶ፣ ወርቅ መስሎ ሲወጣ፣ ሐጂ ራሳቸው ብድግ አሉ።

«ለአንዲት ባልቴት ቃሉን ያላጠፈ፣ ለልጄ አያጥፍም» አሉ።

እኔም በሳምንቱ ሞከርኩት። ሁለቴ በሩን ከፍቼ አየሁ። እስከ ዛሬ ላጤ ነኝ።