ዳልቻን ምን አመማት?

ሰው የልቡን ለማስታወቅ ብዙ ይደክማል። ሽማግሌ ይልካል፣ ስልክ ይደውላል፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ በሚኒባስ ተጨናንቆ ይሄዳል፤ ደርሶም ሳይናገር ይመለሳል። አህያ ይህ ሁሉ ጣጣ የለባትም። ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ሲለመልም መንገድ ዳር ሽንቷን ትሸናለች፣ በቃ። የቀረውን ሽታው ይናገርላታል። ወንዱ መጥቶ ያሸታል፤ ከዚያ አንገቱን ወደ ሰማይ ቀና አድርጎ የላይ ከንፈሩን ይገለብጣል። ያላወቀ ሰው «አህያ ሳቀ» ይላል። እሱ እቴ፣ መልእክቱን እያነበበ ነው።

ይህን መጻፍ ቀላል ነው፤ ወረቀት አያፈጥብኝም። በአፍ መናገር ግን ሌላ ነው፤ በተለይ በእኛ ሰፈር፣ በተለይ ለሴት ልጅ፣ በተለይ ለእኔ።

ቤታችን ከጅጋ ወጣ ብሎ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በመስከረም፣ አህያችን ዳልቻ አፏን ትከፍት ትዘጋ ጀመር። ምንም ሳትጎርስ ታላምጣለች፣ ምራቋ ይዝረከረካል፣ ጆሮዋን ወደ ኋላ ታስተኛለች። አባቴ ደነገጡ። እህላችንን ገበያ የምታደርስልን እሷ ብቻ ናት። ወዲያው አያ ስመኝን አስጠሩ፤ የታመመ ከብት በጋለ ማጭድ በመተኮስ የታወቁ ጎረቤታችን ናቸው። አንዴ አየት አደረጓትና፣

«ጥርሷ ነው። መንጋጋዋን ግራና ቀኝ መተኮስ ነው» አሉ።

እሳት ነደደ፤ ማጭዱ ገባበት። ገመዷን የያዝኩት እኔ ነኝ። ምን እንደሆነች የማውቀውም እኔ ነኝ፤ ወንዝ የምወስዳት እኔ ስለሆንኩ ሦስት ቀን ሙሉ አይቻለሁ። ግን አባቴ ፊት፣ ያውም አያ ስመኝ ቆመው፣ «ወንድ ፈልጋ ነው» ብዬ ልናገር? ማጭዱ ቀላ። እኔ ከማጭዱ በላይ ቀላሁ።

«አባባ… ጥርሷን አይደለም» አልኩ፣ መሬት መሬቱን እያየሁ።

«አዪ! ሐኪሟ ተናገረች» አሉ አያ ስመኝ። «ታዲያ ምኗን ነው?»

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? የነጠላዬን ጫፍ ነከስኩ።

«ጥርሷን ቢሆን ገብስ ስንሰጣት ይብስባት ነበር። እሷ የምታላምጠው ከአጥር ማዶ የአያ አለነን አህያ ስታይ ነው።»

አያ ስመኝ ጭናቸውን መቱ።

«ዓይን ነው በሉኛ! ያ አህያ ዓይኑን ጥሎባታል!»

እሳቸው የክፉ ዓይን ማለታቸው ነበር። እናቴ ግን አፏን በነጠላዋ ሸፍና «እሱስ ጥሎባታል» አለች።

አባቴ ማጭዱን አዩ፣ ዳልቻን አዩ፤ እኔን አላዩኝም፤ ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ። «ልቀቂያት» አሉ። ለቀቅኳት። ቀጥ ብላ ወደ አያ አለነ አጥር ሄደች። ከአጥሩ በላይ አንድ ከንፈር ወደ ሰማይ ተገለበጠ።

በሳምንቱ ማላመጧን ተወች። ጅጋ ገበያ አያ ስመኝ ሰው ሰብስበው ሲያወሩ ደረስኩ።

«ማጭዱን ገና ስታየው ዳነች! እጄ እንኳ አልነካትም። አይደለም እንዴ ልጄ?»

አይደለም ለማለት የሆነውን በስሙ መጥራት ሊኖርብኝ ነው። ያውም ገበያ መሃል።

«ነው፣ አያ ስመኝ» አልኩ።

ከዚያ ወዲህ መስከረም በመጣ ቁጥር የሚያላምጡ አህዮችን ይዘው ወደ እሳቸው የሚመጡ በዝተዋል። አያ ስመኝ መተኮሱን ትተዋል፤ ማጭዱን ብቻ አሳይተው ይለቋቸዋል። እስካሁን ያልዳነችላቸው የለችም።