የሳሙራዩ ሽማግሌ

ጠብ ማየት ደስ የሚለው የተጣላው ሌላ ሰው ሲሆን ነው። አይደለም እንዴ? እኔ ይህን የተማርኩት መቐለ፣ ሓድነት ሰፈር፣ ከአከራዬ ከአደይ ለተስላሴ ሳሎን ነው። አደይ እኛ አገር እማማ እንደምንለው ነው።

ያኔ በዲሽ አንድ የጃፓን ተከታታይ ድራማ ይታይ ነበር። የባላባት ዘመን ነው፤ ጎራዴ የታጠቁ ሳሙራዮች እንደ ጉድ ይተራረዳሉ። አንዱ ወጣት የአባቱን ገዳይ ያሳድዳል። እኔ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝና ከሥር የሚያልፈውን ጽሑፍ እያነበብኩ ለአደይ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ። ደሞዜ ሻይ ነው።

አደይ ግን ድራማ አያዩም፤ ይዳኛሉ። ጎራዴ በተመዘዘ ቁጥር፣ አገሩ ሽማግሌ የለውም ወይ ይላሉ። ያ ነጭ ጢሙ ሽማግሌ የተጎለተው ለምንድን ነው? ተነሥቶ መሐል አይገባም? የጃፓን ደንብ ሌላ ነው ብዬ ላስረዳ ስሞክር፣ "ወደይ፣ ደም እንኳ በሽማግሌ ይደርቃል" ብለው አቋረጡኝ። ወደይ ማለት ልጄ ነው። ድምፃቸው ደግሞ ግንቡን ተሻግሮ ጎረቤት ይሰማል።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ። እኚሁ ሴት ከግንቡ ማዶ ካሉት ከአደይ ብርኽቲ ጋር ከተኳረፉ ከርመዋል። ለምን? የብርኽቲ ጣሪያ የክረምቱን ውሃ እሳቸው ጓዳ ውስጥ ለቀቀው። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ደጅ ጠኑ። እንግዳ ያፍራሉ ተብዬ እኔም ተጨመርኩ። ማንን ሊያፍሩ! ታዲያ በጃፓኖቹ እንዴት ይፈርዱባቸዋል ብላቸው፣ ልጁ የሞተበት አባቱ ነው፣ የእኔ ግን የዓመት በርበሬዬ ነው የረጠበው ብለው ተቆጡ። ምን ትላቸዋለህ?

እግዜር ሲያመጣው፣ የመጨረሻው ክፍል ሊታይ ሲል መብራት ሄደ። ሲመለስ የአደይን ቴሌቪዥን አቃጠለው። ወጣቱና ገዳዩ ፊት ለፊት እንደቆሙ ቀሩ።

አደይ እህል አልወርድ አላቸው። ልጁ ሞቶ ይሆን? ትምህርት ቤት አስተማሪዎቹን ጠየቅኩ፤ ከኳስ ሌላ የሚያይ የለም። በሰፈሩ ድራማውን የሚከታተሉ አንዲት ሴት ብቻ ናቸው፤ ልጃቸው እያነበበችላቸው። ብርኽቲ!

ቅዳሜ አደይ ጠሩኝ። ዓይናቸው መሬት መሬት ያያል።

"እነዚያ ሽማግሌዎች ደህና ናቸው?" አሉኝ።

ወደ ሽማግሌዎቹ እየሮጥኩ ሄድኩ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ብርኽቲ ቤት ተሰበሰብን። ታላቃችን ጉሮሯቸውን ጠርገው ከአዳምና ከሔዋን ጀመሩ። አዳም ገና ከገነት ሳይወጣ አደይ ለተስላሴ ብድግ አሉ። ብርኽቲን አንገታቸውን አቅፈው ሳሟቸው። የእውነት አሳዘኑኝ፤ እንባቸው መጥቶ ነበር።

"ይቅር ብዬሻለሁ" አሉ። "ልጁስ ገደለው?"

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ልጁ የማን ልጅ እንደሆነ ማን ይንገራቸው?

ብርኽቲ አልቸኮሉም። አደይን ከጎናቸው አስቀመጡ፤ የወደቀ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ መለሱላቸው።

"ሊገድለው ሲል ያ ነጭ ጢሙ ሽማግሌ መሐል ገባ" አሉ። "ታረቁ።"

አደይ ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው በርቷል።

"አላልኩህም፣ ወደይ?"

እውነትዎን ነበር አልኳቸው። ድራማውን ያነበበችላቸው የብርኽቲ ልጅ ግን ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።