የዝኩኒ ቅርጫ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ አንገቴ ድረስ ተተክዬ አደርኩ። ጥፋቱ የራቱ ዝኩኒ ነው።

ከእንጦጦ ጀርባ ትንሽ የአትክልት እርሻ አለችን። የከተማ ቤተሰቦች በአባልነት ይዘዋታል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ አብረውን ይለቅማሉ። ምርቱን እንደ በሬ ቅርጫ በኮባ ቅጠል ላይ በመደብ በመደብ እናስቀምጥና ዕጣ እንጥላለን። ዘንድሮ ክረምቱ ካሮቱንም ሰላጣውንም አበሰበሰና ዝኩኒውን ብቻ አሳበደው። ባለፈው ቅዳሜ፣ ጾመ ፍልሰታ እንደገባ፣ ከአባላቱ አንጋፋዋ ወይዘሮ ዘነቡ መደባቸውን አዩ፣ በረጅሙ ተነፈሱ፣ «ለሚቀጥለው ቅዳሜ እንመካከርበታለን» ብለው ሄዱ። አባላቱ ከወጡ እርሻችን አለቀላት። እንቅልፍ የወሰደኝ ይህን እያብሰለሰልኩ ነው።

በሕልሜ አባላቱ በሙሉ ከእኔና ከባለቤቴ ከእልፍነሽ ጋር በመስመር ተተክለን ነበር። ዝናቡ ከመሬት ወደ ላይ ይዘንባል፤ ደመናው ጃንጥላ ዘርግቶ «ኧረ ቀስ በሉ፣ በሰበስኩ!» ይላል። አንድ ካሮት ቦት ጫማውን አጥልቆ መጣና ጆሮዬን ቆነጠጠኝ።

«ይሄ ደርሷል?» አለ።

«ከደረሰ ቆይቷል፤ እንዲያውም አርጅቷል» አለችው ቲማቲም።

በፀጉሬ ይዞ ነቀለኝ። ቀይ ሽንኩርት ሹራቤንና ካፖርቴን በየተራ እየገፈፈች ታለቅስ ጀመር። «ሰው ሲላጥ ዓይን ያቃጥላል» አለች።

ወዲያው ሁላችንም ኮባ ላይ ተደልድለን ነበር። ጋሽ ጥቅል ጎመን ጋቢያቸውን ደራርበው ቅርጫውን ይመራሉ። ሰላጣ ፊቷን አዙራ ዕጣውን ጣለች። ወይዘሮ ዘነቡ ለድንች ቤተሰብ ደረሱ፤ ድንቾቹ እልል አሉ። እልፍነሽን ቃሪያዎች እየተሻሙ ወሰዷት። ዘወር ብላም አላየችኝ።

እኔ ለካሮት ደረስኩ። ካሮት አገላበጠኝና ፊቱ ቀላ።

«ደግሞ እሱ? ባለፈው ሳምንትም እሱ ነው የደረሰን! ቀቀልነው፣ ጠበስነው፣ ልጆቹ አንበላም አሉ!»

«ለጤና እኮ ጥሩ ነው» አሉ ጋሽ ጥቅል ጎመን።

ይቺ ንግግር የእኔ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ዝኩኒ ሳስታቅፍ የምላት ናት። አፈርኩ።

«እሺ፣ ምራቂ ላድርግላችሁ» አሉ ጋሽ ጥቅል ጎመን ወደ ሌሎቹ ዞረው።

«በምራቂም አንወስድም!» ብሎ ጮኸ ሁሉም።

እኔም ክብሬን ረስቼ መለመን ጀመርኩ። «ወጥ ውስጥ ከከተታችሁኝ እንደሌለሁ ነኝ! ምንም ጣዕም የለኝም፣ አልታወቅም!» አልኩ። ሳላስበው እንባዬ መጣ። ሰው ሆኜ እንዲህ ተንቄ አላውቅም።

«በቃ፣ ለዶሮዎቹ ስጡት» ተባለ። ዶሮዎቹ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ፣ ዙሪያዬን አዩኝ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጾም ላይ ነን፤ ሥጋ አንነካም» አሉና ሄዱ።

ካሮት እግሬን ይዞ አሽከረከረኝና በአጥር ላይ ወረወረኝ። ስወድቅ አልጋዬ ላይ ነበርኩ።

«አንተ ሰውዬ፣ ኧረ ተነስ!» ትላለች እልፍነሽ። «አባላቱ በሙሉ በር ላይ ናቸው። ቅዳሜ ቢሆንም እንዲህ በማለዳ!»

ሊሰናበቱን ነው ብዬ በቢጃማዬ ወጣሁ። ወይዘሮ ዘነቡ ከፊት ቆመዋል፤ ሁሉም ከባድ ከባድ ዘንቢል ይዟል።

«ሽብሩ፣ ተመካከርን» አሉ ወይዘሮ ዘነቡ።

«ልትወጡ ነው?» አልኩ።

«የት አባታችን እንወጣለን? ክረምቱ ሲገባ የሰጠኸንን ዝኩኒ መብላት ቢያቅተን በየጓሯችን ጣልነው። እሱ ለካ በቅሎ፣ አብቦ፣ አፍርቶልህ ቁጭ! የሚሰጡት ሰው ጠፋ፤ ጎረቤት በር መክፈት ትቷል። እንግዲህ ማኅበርተኛ ነን፣ ከቅርጫው ይግባ ብለን አመጣነው።»

ዘንቢሎቹ በረንዳዬ ላይ ተራገፉ። እልፍነሽ ኮባ ልትቆርጥ ሄደች። እኔ ደስ ይበለኝ ወይስ ላልቅስ ብዬ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ወይዘሮ ዘነቡ ከክምሩ ትልቋን መርጠው አሳቀፉኝ። «ይቺ ደግሞ ምራቂ ናት» አሉኝ።