የባትሪዬ በላተኛ

መኪና በእርጅና አይሞትም፤ የሚገድለው ዘመድ ነው። ኮረኮንቹን፣ ዝገቱን፣ የደብረ ብርሃንን ውርጭ ችሎ አርባ ዓመት የኖረ ብረት፣ አንድ አሳቢ ዘመድ እጁን ሲያስገባበት በአንድ ክረምት ያልቅለታል። አላመናችሁኝም? ግዴለም፤ ቮልስ ሲኖራችሁ ታምኑኛላችሁ። ዋርሳ ካላችሁ ደግሞ ቮልስም ሳትገዙ ታምኑኛላችሁ።

ዋርሳ የባል ወንድም ነው። ቃሉ ከ«መውረስ» ይምጣ አይምጣ ሊቃውንት ይወቁት። እኔ የማውቀው፣ ባለቤቴ በሞተ በአርባኛው ቀን ዋርሳዬ ተሾመ ንፍሮውን እያኘከ የጠየቀኝን ነው። እንዴት ነሽ፣ በረታሽ ወይ አላለኝም። የመኪናው ቁልፍ የት እንዳለ ነው የጠየቀኝ። መቀነቴ ላይ ቋጥሬዋለሁ አልኩት። ከዚያ ወዲህ ባገኘኝ ቁጥር ፊቴን ትቶ ወገቤን ያያል። በዚህ ዕድሜዬ…

ቮልሷ ለእኔ ጌጥ አይደለችም። እኔ ባና፣ ያንን የሱፍ ብርድ ልብስ፣ አሠርቼ የምሸጥ ሴት ነኝ። ሱፉን በየሐሙሱ ከጣርማ በር ዋሻ ማዶ፣ ከበግ አርቢዎቹ ጭና የምታመጣልኝ እሷ ናት። በሚኒባስ ሂጂ የሚሉኝ አሉ፤ እርጥብ ሱፍ ታቅፎ ሚኒባስ ውስጥ የተወደደ ሰው እስካሁን አላየሁም። እሷ ከሄደች ሥራዬም አብሯት ይሄዳል።

ታዲያ ይቺ ደህና ቮልስ ካለፈው ክረምት ወዲህ አመል አወጣች። ሁለት ቀን ከቆመች ባትሪዋ ሙጥጥ ይላል። ሞተሯን ብርድ መትቷት ይሆናል ብዬ ባና አለበስኳት፤ ከላይ እስከ ታች በሸራ ጠቀለልኳት። ጠዋት ቁልፉን ሳዞር «ጥ» ትላለች። «ጥ» ብቻ። ከዚያ ጎረቤት ይጠራል፤ ጋቢውን ያጣፋ ሁሉ ይወጣና ቁልቁል ይገፋኛል። ተሾመም አይቀርም። እሱ ግን አይገፋም። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከጎኔ ከጎኔ እየተራመደ፣ «ምን ታድርግ፣ ባለቤቷ ተኝቶ እሷ እንዴት ትነሳ?» ይላል። ይህቺን ቀልድ አሥራ አንድ ጊዜ ሰምቻታለሁ። አንድም ጊዜ አልተሻሻለችም።

አንድ ማክሰኞ ገና ተገፍቼ ስመለስ መምሬ ከቤተ ክርስቲያን ሲመጡ አገኙን። መምሬ የሰፈራችን ቄስ፣ የእኔም የተሾመም የንስሐ አባት ናቸው። ተሾመ ይህን ጊዜ ይጠብቅ ነበር መሰለኝ፣ እጃቸውን ተሳልሞ ሲያበቃ ነገሩን ጀመረ።

«መምሬ፣ እርስዎ ይስሙልኝ። ይቺ መኪና ከዓርብ ጠዋት ጀምሮ ትቁም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሳትገፋ ከተነሳች፣ ሁለተኛ ነገሯን አላነሳም። ካልተነሳች ግን ቁልፉን ታስረክበኝ።»

ንዴት መጥፎ ጠበቃ ነው። «ይሁን» አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ መምሬም ሰሙ፣ ሰፈሩም ሰማ።

ቤት እንደገባሁ ለጎረቤቴ ለአስካለ ባትሪዬን የሚበላብኝ ነገር እንዳለ አጫወትኳት። አስካለ ባትሪ ሲባል የምታውቀው ከትራሷ ሥር ያለውን የእጅ ባትሪ ነው። ድንጋዩን ፀሐይ ላይ አስጪው፣ የእኔ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው ነፍስ የሚዘራው አለችኝ። ሳቁ፤ ግን ቁልፉ የሚወሰድባችሁ እናንተ አይደላችሁም። ቮልስ ባትሪዋን እንደ ዶሮ ከኋላ ወንበር ሥር ታቅፋ ነው የምትኖረው። ወንበሩን አነሳሁ፣ ባትሪውን ሁለት ሆነን እያቃሰትን አወጣን፣ ግቢው ውስጥ ከተሰጣው በርበሬ አጠገብ አስቀመጥነው። ፀሐይዋ በዞረች ቁጥር እኛም አዞርነው። ሲመሽ በርበሬው ለመውቀጥ ደረሰ። ባትሪው ግን ሙት እንደወጣ ሙት ገባ።

ረቡዕ ሰይድን ጠራሁት። ሰይድ የአሊዩ አምባ ሰው ነው፤ ከተማችን ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራል። ጎልማሳ ነው፤ እጁ የታመነ፣ ምላሱ የተቆጠበ። «ቢስሚላህ» ብሎ የባትሪውን አንዱን ገመድ ፈታ፣ በገመዱና በባትሪው መሀል ትንሽ አምፖል አስገባ። አምፖሏ በራች። ቁልፉ መቀነቴ ላይ ሆኖ እሷ ከበራች የሚበላ አለ ማለት ነው፤ በላተኛውን ስናገኘው ትጠፋለች አለኝ። ከዚያ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ይነቅል ጀመር።

እኔም ዝም ብዬ አልቆምኩም፤ ረዳሁት። መጀመሪያ ሬዲዮኑን እይ አልኩት፤ የገጠመው የአስካለ ባል ነዋ፣ እሱ የነካው ነገር ደህና ሆኖ አያውቅም። ከዚያ ክላክሱን፤ ያደሰው ሰው ልጄን ስድር ሳልጠራው ቀርቼ እስከዛሬ ያኮረፈኝ ነው። ከዚያ የኋላ መብራቱን፤ የሸጠችልን ሴትዮ በዕድር ከእኔ ጎን መቀመጥ ትታለች።

ሰይድ ቀና ብሎ አየኝ። «እትዬ፣ እኔ የምፈልገው ሽቦ ነው። እርስዎ የሚፈልጉት ሰው ነው።»

ፊውዞቹ አለቁ። አምፖሏ እንደበራች ናት።

«በፊውዝ ሳያልፍ፣ ቀጥታ ከባትሪው የሚበላ ነው» አለ እጁን እየጠረገ። «ሁሉን አየሁ። አንድ ቦታ ቀረኝ። እሱን ግን አልነካውም፤ የእናንተ ነው።» በአገጩ ከመሪው አጠገብ ወዳለችው የከፋይ መጋረጃ ጠቆመኝ።

እዚህ ላይ ለንስሐ አባቴም ያልነገርኩትን ልነግራችሁ ነው። በባለቤቴ ሙት ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ተሾመ የእመቤታችንን ሥዕል በፍሬም አሠርቶ፣ ቀይ አምፖል አስገጥሞ አመጣ። መኪናው ውስጥም ራሱ ሰቀለው፣ ሽቦውንም ራሱ ሳበ። ፍሬሙ ከግርጌው ወደ ላይ የሚያይ ቆርቆሮ አለው፤ በዚያ ላይ «መታሰቢያነቱ ለወንድሜ፤ ከአቶ ተሾመ» ብሎ አስጽፎበታል። «ለወንድሜ» የምትለዋ ቀጭን ናት፣ ስምም የላት። «አቶ ተሾመ» ግን ጠብደል ጠብደል ያለ ፊደል ነው። እመቤታችንን አልመልስ ነገር… ስሙን እያየሁ አልነዳ ነገር… መርፌዬን አነሳሁና ወፍራም ከፋይ ሰፋሁ፤ ከፍሬሙ አናት እስከ ቆርቆሮው ጫፍ። በእኛ ደንብ ሥዕል ይጋረዳል፤ ለምን ጋረድሽ የሚል የለም። እንዲያውም መምሬ፣ ሥዕል እንደ እሷ አክብሩ ብለው በጉባኤ መሰከሩልኝ። እኔም እንደ ትሑት ሴት አቀረቀርኩ።

መጋረጃውን ገለጥኩት። ቀይዋ አምፖል ቦግ ብላ በርታለች። ስነካት ትፋጃለች። ከዚያ ክረምት ጀምሮ ቀንና ሌሊት፣ ከከፋይና ከሸራ ሥር፣ ማንም ሳያያት ስትበራ ኖራለች። እሱ ሽቦውን ዘረጋ፣ እኔ ሸፈንኩለት። አንድም ቀን እንዲህ ተባብረን አናውቅም።

ሽቦውን ልበጥሰው እጄን ዘረጋሁና ተውኩት። ብበጥሰው የእመቤታችንን መብራት አጠፋች ይባላል። ብተወው ቁልፉ ይሄዳል። ሰይድ ነው ያወጣኝ። መቁረጥ አያስፈልግም፣ ከቁልፉ ጋር አገናኛታለሁ፤ መኪናዋ ስትነሳ ትበራለች፣ ስትጠፋ ታርፋለች አለ። ሠራው፤ ባትሪውንም ቻርጅ አደረገልኝ። ሐሙስ ሱፌን ጭኜ መጣሁ፣ ዓርብ አቆምኳት።

እሑድ ሰፈሩ ከቅዳሴ በቀጥታ ወደ ደጄ መጣ። ሰይድም የእጁን ሥራ ሊያይ ዳር ቆሟል። መቀነቴን ፈታሁ፣ ገባሁ፣ አዞርኩ። ቮልሷ «ጥ» አላለችም። በአንዴ ተነስታ የተሾመን የክት ነጠላ በጭስ አጠነችለት።

ተሾመ አላመነም። አንድ ነገር ሳትደብቅ አልቀረችም አለና በመስኮቱ ራሱን አስገብቶ ከወንበር ወንበር በረበረ። ሌላ ቦታ ሲያጣ መጋረጃውን ገለጠው። ፊቱ በቀይ ብርሃን በራ፤ ስሙን አየና ጥርጣሬውን ረሳው።

«መምሬ፣ ይምጡ ይዩ። የእኔ ሥራ ናት። ቀጥታ ከባትሪው ነው የሳብኩላት፤ ቀንና ሌሊት እንዳትጠፋ።»

ሰይድ ሳል ያዘው።

«ቀንና ሌሊት?» አሉ መምሬ።

«ቀንና ሌሊት።»

ከገፊዎቹ አንዱ ጋቢውን አስተካክሎ፣ «እና ይሄን ሁሉ ጊዜ ስንገፋ የከረምነው ያንተን መብራት ነው?» አለው። ሳቁ እስከ ገበያው ሳይሰማ አልቀረም። ተሾመ ያን ዕለት ወገቤን አላየም። የሚያየው መሬት ነበር።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ምንኛ ደስ ባለኝ። መምሬ ግን ጎንበስ ብለው ቆርቆሮውን አነበቡ። ከዚያ መጋረጃዬን በጣታቸው ለኩት፤ ከሥዕሏ አልፎ በትክክል የት ላይ እንደሚያበቃ አዩ። ሠላሳ ዓመት ሰው የናዘዘ ቄስ ሞኝ አይደለም።

«ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «መንገደኛ እመቤታችንን እያየ ቢሄድ ይሻለዋል። መጋረጃው ይነሳ።»

ተነሳ። ምን እላለሁ?

ቁልፉ የእኔ ነው፤ ቮልሷም ከዚያ ወዲህ አልተገፋችም። ግን በየሐሙሱ ጣርማ በር ደርሼ ዋሻው ውስጥ ስገባ፣ ጨለማው ሲውጠኝ፣ ቀይዋ አምፖል ቆርቆሮውን ታበራዋለች፤ ጠብደሉ «አቶ ተሾመ» ከፊቴ ባለው የመኪናዋ መስተዋት ላይ ወጥቶ እስከ ማዶ ድረስ አብሮኝ ይጓዛል። መስተዋት ግን ፍርድ ያውቃል፤ የሚያሳየኝ ዘቅዝቆ ነው።