ፍሪሲዮን የሚያዳምጡት አያ ዳኛው

ሞተር ሳይክል በተበላሸበት ቦታ ሁሉ፣ ባለቤቱ መፍቻ ሳያነሳ፣ ምን እንደነካት የሚያውቅ ሰው ከተፍ ይላል። ይህ ሰው ሞተር የለውም። መንዳትም አይችልም። ግን ያውቃል። የጎንደር ድርሻ ክቡር አያ ዳኛው ናቸው።

አያ ዳኛው ከአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ጡረታ ከወጡ ወዲህ፣ ማራኪ ሰፈር ካለው የመካኒኩ የታከለ ጋራዥ ደጅ፣ ከአግዳሚዋ ላይ አይጠፉም። ሞተር ሲመጣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጆሯቸውን ዘንበል ያደርጋሉ። ከዚያ ይፈርዳሉ፦ «ፍሪሲዮኑ ነው! ጩኸት አለ፣ ጉዞ የለም!» ይግባኝ የለውም። ፍሪሲዮን ሲይዝ የሞተሩን ጉልበት ለጎማው ያቀብላል፤ ሲያንሸራትት ግን ሞተሩ ይጮኻል እንጂ ጎማው አይሄድም። አንድ ቀን እየተገፋች የመጣች ሞተር ገና ድምፅ ሳታሰማ ተፈረደባት። ታከለ ጋኗን ከፍቶ አይቶ፣ «አያ ዳኛው፣ ቤንዚን ጨርሳ እኮ ነው» አላቸው።

«ምነው ጨረሰች? ፍሪሲዮኑ እያንሸራተተ በከንቱ ጠጥታው ነዋ!»

በሽታው ደግሞ የሞተር ብቻ አይደለም። የቀበሌው ስብሰባ ያንሸራትታል። የእድሩ ሊቀመንበር ያንሸራትታሉ። አንጎዳጉዶ ሳይዘንብ የሚያልፍ ደመና ሳይቀር ፍሪሲዮኑ ነው።

የእኔ አሮጌ ሞተር ግን እውነትም ፍሪሲዮኗ ነበር። ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ትክል ድንጋይ ከተማ እሄዳለሁ፤ ፅዮን የምትባል መምህርት አለች እዚያ። ዳገት ላይ ነዳጅ ስሰጣት ሞተሯ አገር ይያዝልኝ ትላለች፤ ገበያተኛው ከነአህያው ያልፈኛል። አያ ዳኛው ምርመራውን ራሳቸው መሩት።

«ሦስተኛ ማርሽ አስገባ። ፍሬን ያዝ። አሁን ፍሪሲዮኑን ልቀቅ። ጤነኛ ከሆነች ትጠፋለች።»

ለቀቅሁ። ምንም እንዳልተፈጠረ መጮኋን ቀጠለች። ክቡርነታቸው በደስታ አቀፉኝ። ታከለ ሲፈታት ሸራ የሚባሉት የፍሪሲዮኑ ሳህኖች እንዳረረ ቂጣ ጠቁረዋል።

ሞተሯ እንደተፈታች ፅዮን ደወለች። «እሑድ ከአይከል ሽማግሌ ሊመጣብኝ ነው። አንተ ምን ትጠብቃለህ?»

ስልኩን ዘግቼ ለታከለ ማስረዳት ጀመርኩ፤ ሞተሯ ትሠራና፣ የደረጃ ዕድገቱ ይውጣና፣ የቤቱ ነገር ይታይና… ዞር ስል አያ ዳኛው ዓይናቸውን ጨፍነው ጆሯቸውን ወደ እኔ ዘንበል አድርገዋል።

«ታከለ፣ ሞተሯን ተዋት» አሉ። «ልጁ ነው የሚያንሸራትት! ሁለት ዓመት ሙሉ ላገባት ነው፣ ላገባት ነው። ጩኸት አለ፣ ጉዞ የለም!»

ጋራዡ በሳቅ አውካካ። ደሜ ፈላ፤ የፈላውም እውነት ስለነበር ነው። «እንግዲያው አንቱ ሽማግሌ ሁኑኝ!» አልኳቸው።

ቅዳሜ ከእሳቸው ጋር የላክኋቸው ሁለት ሽማግሎች በሚኒባስ ሄዱ። አያ ዳኛው ግን ጋቢያቸውን አጣፍተው ከኋላዬ ተፈናጠጡ፤ ፍሪሲዮኑን መከታተል አለባቸው። አዲስ ሸራ የገባላት ሞተር ዳገቱን እየበላችው ነው፤ እሳቸው ጆሮዬ ሥር «ሰማኸው? አሁን ሊያንሸራትት ነው!» ይላሉ።

ከከተማዋ መግቢያ፣ ባሕር ዛፍ ሥር ቆሜ ጠበቅኋቸው። ፅዮንን ባጣትስ እያልኩ መንገድ መንገዱን ሳይ፣ አያ ዳኛው ፊታቸውን አጨፍግገው መጡ።

«ምን አሉ?»

«ቀጠሮ ሰጡን። የአባትየውም ፍሪሲዮን ደህና አይደለም።»

ልጁን ሊሰጥ ያሰበ አባትም በመጀመሪያው ቀን እሺ እንደማይል የማያውቅ የለም፤ እኔ ግን በዚያች ደቂቃ አላወቅኩም። እሑድ የመጡት የአይከል ሽማግሎች «ቀድሞ የጠየቀ አለ» ተብለው ተሸኙ። በቀጠሯችን ቀን ፅዮን ተፈቀደችልኝ።

ያን ቅዳሜ እነፅዮን ቤት የተባለውን የነገረችኝ እሷ ናት። አባቷ «ልጁ እንዴት ያለ ነው?» ሲሉ፣ ሁለቱ ሽማግሎች ዲግሪዬን መቁጠር ጀምረው ነበር። አያ ዳኛው አቋረጧቸው። «አያ ሐብተ ማርያም፣ ይህ ልጅ ጩኸት የለውም» አሉ። «ዳገት ላይ ግን ይይዛል።»

በዚያው ሳምንት በሰው ፊት ያንሸራትታል ያሉኝ እኒሁ ሰውዬ ናቸው! ዛሬም ከአግዳሚዋ ላይ ሆነው ያለፈ ያገደመውን ሞተር ይኮንናሉ፤ ሰውም ይስቅባቸዋል። እኔ ግን እወዳቸዋለሁ። አያ ዳኛው በዕድሜያቸው ደህና ነው ብለው የመሰከሩት ፍሪሲዮን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የእኔ ነው። ዳገት በመጣብኝ ቁጥር እሳቸውን ላለማሳፈር ስል እይዛለሁ።