ሰውየውን አይተው መኪና የሚገዙት ጋሼ ሙናዊር

በዚህ ከተማ አሮጌ መኪና ገዝቶ ያልተሸወደ ሰው የለም። አለሁ የሚለኝ ካለ ገና አልገዛም ማለት ነው። የምንለያየው በአሸዋወዳችን ብቻ ነው። አንዱ መካኒክ ይዞ ሄዶ፣ ኮፈን አስከፍቶ፣ መኪናዋ ሥር ገብቶ፣ ሸሚዙን ዘይት አስነክቶ ይሸወዳል። ሌላው ጎማውን በጫማው ነካ ነካ አድርጎ፣ በሩን ከፍቶ ዘግቶ፣ «ድምጿ ጥሩ ነው» ብሎ ይሸወዳል። የእኛ ግቢ ሰው፣ ክቡር ጋሼ ሙናዊር፣ ግን መኪናዋን ጭራሽ ሳያዩ ነው የሚሸወዱት። እሳቸው የሚያዩት ሻጩን ነው።

ጋሼ ሙናዊር በርበሬ በረንዳ የጅምላ ነጋዴ ናቸው። ከአንዋር መስጊድ ጀርባ አንድ ግቢ ውስጥ እንኖራለን፤ እሳቸው ከባለቤታቸው ከእትዬ ሐጀራ ጋር በትልቁ ቤት፣ እኔ ጋዜጣ ላይ እየጫርኩ የምኖረው ከሚስቴ ጋር በጎን ባለችው ክፍል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዱቤ የሰጡት የሰው ፊት እያዩ ነው። ከክፍለ ሀገር የመጣ ቸርቻሪ ሱቃቸው ሲገባ ሰላምታውን ይሰማሉ፣ አቀማመጡን ያያሉ፣ ሻይ ያስመጡለታል። ሻይ ላቀረበችለት ሴትዮ ምስጋና መስጠት አለመስጠቱን ካዩ በኋላ «ጫኑለት» ይላሉ። ወረቀት የለ፣ ፊርማ የለ። የካዳቸው ሰው እምብዛም የለም። ጣጣው የመጣው ይህንኑ ሙያ ወደ መኪና ያዛወሩት ጊዜ ነው።

ዘመኑ አገሩ ሁሉ በየስብሰባው የሚገማገምበት ነበር። የጋሼ ሙናዊርን የመሰለ ግምገማ ግን የትም አላየሁም። ሻጭ ቤት አብሬያቸው እሄዳለሁ። ሰውየው ኮፈን ሊከፍት ሲያጎነብስ «ተወው፣ ተወው፣ አትልፋ» ይሉታል። ከዚያ ይጀምራሉ። ዘበኛህ ስንት ዓመት አብሮህ ቆየ? እናትህ አሉ? ከጎረቤት ጋር እንዴት ናችሁ? እኔ በዚያች አጋጣሚ ወደ ጭስ ማውጫው ሾልኬ ልመለከት ስል እጄን ይይዙኛል። «ኃይለየሱስ፣ መኪናውን ተወው። ሰውየውን አይቻለሁ።»

የመጀመሪያዋን ከጡረተኛ መምህር ገዙ። መምህሩ ቁልፉን ሲያስረክቡ አለቀሱ፤ ለጋሼ ከዚህ በላይ ዋስትና አልነበረም። ክረምት ሲገባ ግን ከምንጣፉ ሥር ወለል የሚባል ነገር እንደሌለ ታወቀ። ዝገት በልቶ ጨርሶታል። ጎርፍ በሄደ ቁጥር እትዬ ሐጀራ ጫማቸውን አውልቀው፣ እግራቸውን ወንበሩ ላይ አጥፈው፣ «ይቺ ጀልባ የት ነው የምታደርሰን?» ይሉ ነበር። ሄደው ይውቀሷቸው ብንላቸው ጋሼ ተቆጡ። «ምንጣፍ ገልጠው የሚያዩ ሰው አይደሉም! ቢሰሙ ይታመማሉ።»

ሁለተኛዋ የሐኪም መኪና ነበረች። እኛ ሰፈር «የዶክተር መኪና» ከተባለ አለቀ፣ ማንም ጥያቄ አይጠይቅም። ዶክተሩ ከወንበሩ ተነስቶ ጋሼን አስቀመጣቸው፤ በዚያው ተሸጠች። ለካ ጭሷ ለጊዜው የጠፋው ወፍራም ዘይት ተጨምሮባት ነው። ዘይቱ ሲቀየር ጉድ ፈላ። ሰው ሁሉ ሲያስል በሚውልበት በርበሬ በረንዳ እንኳን እሷ ስትገባ «ኧረ ጋሼ ሞትን!» ተባለ። ሐኪሙም ምስኪን ነው፤ እሱም እንዲሁ ከሌላ ደግ ሰው እንዳለች ገዝቷት ኖሯል። ደጋግ ሰዎች አንዱ ለሌላው ችግር እየሸጡ ይኖራሉ፤ ማን ይከሰሳል?

ሦስተኛዋ ሰማያዊዋ ናት። ባላቸው የሞቱባቸው ወይዘሮ ሙሉነሽ የሚባሉ ሴት ሸጧት። አፏን ወደ መንገድ አድርጋ ቆማ ነበር፤ ተነስታ ሄደች፤ ጋሼም መረቋቸው። ግቢያችን ደርሰን ላስተካክላት ብዬ መሪ ስይዝ የኋላ ማርሽ የላትም። ማርሹ ይገባል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ንቅንቅ አትልም። ወይዘሮዋ ነድተው አያውቁም፤ የሚያውቁት ሟቹ ነበሩ።

«ወደ ኋላ ምን ሊሠራልህ?» አሉኝ ጋሼ። «ዘመኑ ወደፊት ነው።»

መርካቶ ውስጥ ያለ ኋላ ማርሽ መንዳት ምን እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። ፊትህ ጋሪ ከቆመ ተሸካሚዎች ተጠርተው ወደ ኋላ ይገፉሃል። የግቢውን በር አንድ ክንድ ካለፍከው ደግሞ በቃ፣ በአትክልት ተራ ዞረህ፣ በጎመንና በሽንኩርት መሃል ተጋፍተህ ነው የምትመለሰው። አንድ ዓርብ ጋሼ ከሰጋጁ ሰልፍ ጫፍ ላይ ሲደርሱ መመለሻ ስላልነበራቸው ሞተሩን አጥፍተው፣ ወርደው፣ እዚያው ሰገዱ። እኔ ይህን ሁሉ እየጻፍኩ እንጀራዬን በላሁበት። እሳቸውም ጋዜጣውን ሱቃቸው ውስጥ ያስነብቡ ነበር።

ከዚያ ሳቁ ቆመ። እትዬ ሐጀራ በር መለየት አቃታቸው። የዓይን ሐኪም ዘንድ ቢወሰዱ የዓይን ግፊት ነው ተባለ። ግራው አልፏል፤ ቀኙ ቶሎ ኦፕራሲዮን ካልተደረገ እሱም ይጨልማል። ያ ዓመት ደግሞ ክፉ ነበር፤ መጋዘን ያለው በርበሬ እርጥበት ገብቶት ሻግቶ ተደፍቷል። ለሕክምናው የሚሸጥ ነገር ሲፈለግ የተገኘችው ሰማያዊዋ ብቻ ሆነች።

ደላላው ጠይብ መጣና ዞር ዞር ብሎ አያት። «ጋሼ፣ ችግር የለም። አፏን ወደ መንገድ አድርገን እናቁማት። ወደ ኋላ ንዳልኝ የሚል ገዢ እስከዛሬ አልገጠመኝም። እርስዎ ብቻ ዝም ይበሉ።» ጋሼ አንገታቸውን ደፍተው «እሺ» አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት አብራር የሚባል ወጣት የጨርቅ ነጋዴ መጣ። እትዬ ሐጀራ ደጃፉ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዙረዋል። ጠይብ ለወጉ ያህል ኮፈኑን ሊከፍት ሲል ልጁ እጁን ያዘው።

«ተወው ወንድሜ። እኔ መኪና አላውቅም። በርበሬ በረንዳ ስለርስዎ ያልጠየቅሁት ሰው የለም፣ ጋሼ። አሁን ደግሞ አየሁዎት። በቃኝ።»

ጋሼ ሙናዊር ፊታቸው ተለዋወጠ። እኔ በሆዴ «ዝም ይበሉ! በአላህ፣ ለዛሬ ብቻ ዝም ይበሉ!» እላለሁ። ከኪሳቸው መሐረብ አውጥተው ግንባራቸውን ጠረጉ፣ መልሰው ከተቱት፣ እንደገና አወጡት።

«ልጄ» አሉ፣ «የኋላ ማርሽ የላትም።»

«ያ ረቢ!» አለ ጠይብ ራሱን ይዞ።

አንዴ ከጀመሩ ማን ያቁማቸው! ፍሪሲዮኑ እንደሚንሸራተት፣ ዝናብ ከመታት ተገፍታ ካልሆነ እንደማትነሳ፣ የግራው በር በስቱኮ ብቻ እንደቆመ፣ ሁሉን ዘረገፉት። ኮፈኑንም ራሳቸው ከፈቱለት። በኖርንበት ዘመን ሁሉ ኮፈን ሲከፍቱ ያየሁዋቸው ያን ዕለት ብቻ ነው። አብራር ትከሻቸውን ስሞ፣ መርቋቸው ሄደ። ጠይብም ሳይሰናበት ተከተለው።

«ሄደ?» አሉ እትዬ ሐጀራ።

«ሄደ።»

«ነገርከው?»

«እኔን አይቶ እኮ ነው ሊገዛ ያለው፣ ሐጀራ! እኔን አይቶ!»

እትዬ ሐጀራ የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው ሲጠቀልሉ ቆዩ። «ለሱ አሰብክለት» አሉ። «እኔስ?»

ጋሼ ኮፈኑን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። እኔም እዚያ መቆም አቅቶኝ ክፍሌ ገብቼ በሬን ዘጋሁ።

እኔ ያኔ ዕቁብ ደርሶኝ ነበር። ደህና መኪና ልገዛ፣ ምርመራውንም በወግ በወጉ ላስደርግ መካኒክ ቀጥሬያለሁ። በማግስቱ ብሩን ይዤ ትልቁ ቤት ገባሁና ሰማያዊዋን እንዲሸጡልኝ ጠየቅሁ።

«አንተ? አንተማ ታውቃታለህ!» ብለው ጮኹ።

«አውቃታለሁ። ታዲያ አታለሉኝ ብዬ ማንን ልከስ ነው?»

«አይሆንም! ምጽዋት ነው ይሄ!»

«ጋሼ፣ መኪናውን ይተዉት» አልኳቸው። የቀረውን መጨረስ አላስፈለገኝም፤ እንባቸው መጣ። ሚስቴ ግን አላለቀሰችም። «ሰውዬ፣ ጤና የለህም?» ብላኝ ሰንብታ ነው ያናገረችኝ።

ቀኙ ዓይን ተረፈ። ግራው እንዳለፈ ቀርቷል። ጋሼ ሙናዊርም ከዚያ ወዲህ «ሰውየውን አይቻለሁ» ሲሉ አልሰማኋቸውም። ቸርቻሪ ሲመጣ ወረቀት ያስፈርማሉ፣ ሲያስፈርሙም ቀና ብለው አያዩትም። ይህ ከሁሉም በላይ ያሳዝነኛል። አንድ ሰው መሆን የሚችለውን ያህል ከሆነ በኋላ በገዛ ቤቱ ሲያፍር ማየት ደስ አይልም።

እኔ ይኸው እየተገፋሁ እኖራለሁ። ደመወዜን ከጋራዥ ጋር ተካፍለን እንበላለን። ማታ ማታ ወደ ግቢው ስመለስ እትዬ ሐጀራ በራቸው ላይ ተቀምጠው መንገዱን ሲመለከቱ አገኛቸዋለሁ። በሩን ትንሽ ያለፍኩ እንደሆነ ከሩቅ ያዩኝና እጃቸውን እያወዛወዙ ይጮሃሉ።

«ኃይለየሱስ! አንተ ልጅ! በሩን አለፍከው እኮ!»

ከዚያ እኔ በአትክልት ተራ ልዞር እሄዳለሁ፣ እሳቸው ከኋላዬ ይስቃሉ። አንዳንድ ቀን አውቄ ነው የማልፈው።