ቫዮሊን በሁዳዴ

ሰው ሙዚቃ የሚችልን ሰው ይወዳል፤ ለመቻል የሚለፋው ግን ጎረቤቱ እንዲሆን አይፈልግም። ሠርግ ላይ ቫዮሊን ሲሰማ አንገቱን የሚነቀንቅ ሁሉ፣ ያ ሙዚቀኛ እዚያ እስኪደርስ የስንቱን ጆሮ እንደፈጀ መቼ አስቦ ያውቃል? ደብረ ብርሃን ውስጥ ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ካለ ይምጣ፤ ሻይ አፍልቼ እንወያያለን።

ልጄ ሶስና ቫዮሊን ትማራለች። ከፋሲካ በኋላ አዲስ አበባ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የመግቢያ ፈተና አለባት። አስተማሪዋ “ትንሽም ቢሆን በየቀኑ” ብሎ አደራ ብሎኛል። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሴት ነኝ፤ ኖታ የሚሉትን ሳየው ጥቁር አዝሙድ የተበተነበት ወረቀት ነው የሚመስለኝ። ቢሆንም አባቴ አንኮበር የዜማ መምህር ነበሩ፤ ሰው እንዴት እንደሚለማመድ እያየሁ ነው ያደግሁት።

በፊት ሶስና የምትወደውን ሙዚቃ ከላይ እስከ ታች ትጫወት፣ ሁልጊዜ እዚያችው መስመር ላይ ትሰናከል፣ ተሰናክላም ታልፍ ነበር። ነገም እዚያው። ድንጋዩን ሳያነሱ በዚያው መንገድ መመላለስ እግርን ለማስለመድ ነው ወይስ ድንጋዩን? የአባቴ ተማሪ አንድ ቃል ሲይዘው፣ ያችኑ ቃል ብቻ ምላሱ ላይ እስክትለሰልስ ይላት ነበር።

ስለዚህ ሥርዓት አወጣሁ። ከትምህርት ቤት እንደመጣች፣ ፀሐይ ከግቢያችን ሳትወጣ፣ እጇን በሞቀ ውሃ ታፍታታለች፤ በዚህ አገር ብርድ የደነዘዘ ጣት እንኳን ቫዮሊን ማንኪያም አይዝም። ከዚያ ደጋኑን ጣት ባልነካው ባዶ ክር ላይ ረዘም አድርጋ ትጎትታለች። ቀጥሎ ዶሬሚ። ቀጥሎ ያቺን ክፉ መስመር ብቻዋን፣ ቀስ ብላ፤ እንቢ ካለቻት ደግሞ ይበልጥ ቀስ ብላ። የምትወደው መጨረሻ ላይ ነው፣ እንደ ጉርሻ። ስልኳ እስከዚያ እኔ መቀነት ውስጥ ነው።

ሥርዓቱ ጥሩ ሄደ፣ ሁዳዴ እስኪገባ። ሁዳዴ ሲገባ ጎረቤት ሁሉ ሊቅ ይሆናል። ከእኛ ጋር አንድ ግድግዳ የሚጋሩት እትዬ አስካለ ስታመም ገንፎ ይዘው የሚመጡ ደግ ሴት ናቸው፤ ነገር ግን የሚዘጉት አፍ አልፈጠረባቸውም። መጡና፣ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ከበሮዋን ባስቀመጠችበት ጊዜ የመሪጌታ የልጅ ልጅ ትዘፍናለች ወይ አሉኝ። ከበሮው ያርፋል እንጂ ተማሪው መቼ ያርፋል፣ አባቴ ቤት ትምህርቱ የሚከብደው በጾም ነበር አልኳቸው። እንግዲያው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ትጫወት ብለው አስታራቂ ሐሳብ አመጡ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ቅዳሜና እሁድ ብቻ የታቀፉት እንቁላል ግን ይገማል እንጂ አይሄድም። ይህንኑ ነገርኳቸው። ተቆጥተው ወደ ንስሐ አባታችን ሄዱ።

እውነት ለመናገር ፈራሁ። ከጎረቤት ጋር እሟገታለሁ፤ ከንስሐ አባቴ ጋር ግን አልሟገትም። እሳቸው ይቅር ካሉ ይቀራል፤ ሁለት ወር ያረፈ ጣት ደግሞ ፈተና አያልፍም። አባታችን እትዬ አስካለን አስከትለው መጥተው ቤቱን ባረኩ፣ ተቀመጡ። ሶስና ከጓዳ ሆና ያቺን ክፉ መስመር ትገዘግዛለች። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ፤ አንዷ ድምፅ ላይ ቅንድባቸው ተነሣ።

“አስካለ፣ ይህን ስትሰሚ ደስ ይልሻል?” አሉ።

“ኧረ አባቴ! ጥርሴን ነው የሚያሳክከኝ።”

“ካላስደሰተሽማ ምኑ ዘፈን ሆነ? ለእናንተ ታግሦ መስማቱ ጾም ነው፤ ለሷም ትምህርት። ትቀጥል።”

እትዬ አስካለ እኔን ሲያዩ፣ እኔ መሬት መሬት አየሁ። ድል ያደረገ ሰው በጾም መሳቅ የለበትም።

እኛም ቀጠልን። አንዳንድ ቀን ሶስና ታለቅሳለች፣ አንዳንድ ቀን እኔ ጓዳ ገብቼ ጆሮዬን እይዛለሁ፤ ሰዓቱን ግን አላስነካሁም። የደብረ ዘይት ሰንበት ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ያቺ መስመር ቀጥ አለች። ሶስና ራሷ ደንግጣ ደገመቻት። ደግማም ቀጥ አለች። ያኔ በራችን ተንኳኳ።

እትዬ አስካለ ናቸው፣ ፊታቸው እንደተዘረፈ ሰው። “ምን ሆኑ እትዬ?” አልኳቸው።

“ዛሬ ደስ አለኝ” አሉ። ቀጠል አድርገውም አባታችን የፈቀዱት ደስ ስለማይል መሆኑን አስታወሱኝ፤ እንግዲህ ዘፈን ሆኗል፣ ትቁም አሉ።

“እትዬ፣” አልኳቸው፣ “ደስታው የእርስዎ ከሆነ ንስሐውም የእርስዎ ነው። የልጄ ሰዓት አይነካም።”

ሄደው ነገሩን ለአባታችን ተናዘዙ። አባታችንም ደስ በሚላቸው ሰዓት ተነሥተው እንዲሰግዱ አዘዟቸው። ይኸው ሶስና ልምምዷን ስትጀምር በግድግዳው ማዶ እትዬ አስካለም ስግደታቸውን ይጀምራሉ፤ የጉልበታቸው ድምፅ ዱብ፣ ዱብ እያለ ይሰማናል። ትናንት ሶስና ደጋኗን ከክሩ አንሥታ አዳመጠችና፣ “እማዬ፣” አለችኝ፣ “እትዬ አስካለ እኮ ምት አይስቱም።”